አፉን የማይከፍት ከተማ

ጡረታ የወጣሁ ለታ በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት መምህር ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቁን የአፍ ሥዕል አውርዶ፣ ጠቅልሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ይውሰዱት፤ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ ሰጠኝ። ሥዕሉ ከአፍንጫው እስከ ማጅራቱ ለሁለት የተከፈለ የሰው ጭንቅላት ነው። ከንፈሩ፣ ጥርሱ፣ ላንቃው፣ ምላሱ፣ ጉሮሮው ሁሉ ይታያል። «ታዲያ በምን ልታስተምር ነው?» አልኩት። «ቴፕ ይመጣል። ተማሪው ሰምቶ ይደግማል። አናባቢው ከየት ወጣ፣ ተነባቢው የት ታገደ የሚለው ጣጣ ቀርቷል» አለኝ። ጣጣ! ጉሮሮዬ እስኪነቃ ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ሥራ በአንድ ቃል ጠቅልሎ አስረከበኝ። ቴፑ መቼ እንደሚመጣ ስጠይቀው እሱም አያውቅም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ለነገሩ ሲጀመርም ተናድጄ ነው የኖርኩት። የእንግሊዝኛን ድምፆች መመደብ ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ነገር ነው። አየር ከሳንባ ይነሳል፤ አፍ ውስጥ ምንም ሳያግደው ከወጣ አናባቢ ነው፤ ከንፈር ወይም ጥርስ ወይም ምላስ ካገደው ወይም ካጠበበው ተነባቢ ነው። ከዚያ ተነባቢውን ሦስት ጥያቄ ትጠይቀዋለህ፤ የት ታገደ? እንዴት ታገደ? ጉሮሮ ይነዝራል ወይስ ዝም ይላል? አናባቢውን ደግሞ ምላስ ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ፣ ከፍ ብሏል ወይስ ዝቅ፣ ከንፈር ክብ ነው ወይስ ዝርግ እያልክ በየቦታው ታስቀምጠዋለህ። ይኸው ነው። ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን አፍ መከፈት አለበት። እኔ ደግሞ ያስተማርኩት ሐረር ነው።

ሐረር ሰው አፉን አይከፍትም። አያወራም ማለቴ አይደለም፤ ወሬማ ሞልቷል። ግን በትልቅ ሰው ፊት ሲሳቅ አፍ በእጅ ይሸፈናል፤ ሴት ከሆነች በሻሽ ወይም በነጠላ ጫፍ። ምላስ ማውጣትማ ስድብ ነው፤ ሕፃን እንኳ ቢያደርገው ይቆነጠጣል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከከተማው አጠገብ ከሶፊ ገጠር የመጣው ጫት ጉንጭ ውስጥ ይገባና እስኪመሽ አይወጣም። የማታ ክፍል ካስተማርኳቸው መካከል ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ ሱቅ የነበራቸው፣ እንደ አካባቢው መምህርን «ሙዓሊም» የሚሉ አንድ ነጋዴ ነበሩ። ስለ ሰፊው «አ» እያስረዳሁ አፋቸውን እንዲከፍቱ ብጠይቃቸው ያበጠ ጉንጫቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ሙዓሊም፣ አናባቢውን ለነገ ጠዋት አድርግልኝ። አሁን ቦታ የለም» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ፤ ሁሉም አፉን ሸፍኖ ነው የሳቀው። እንዲህ ያለ ቦታ ነው ደሞዝ ተቆርጦልኝ አፍ እንዳስከፍት የተቀመጥኩት።

እኔ ራሴ የሐረር ልጅ ነኝ። አያቴ ከሸዋ መጥተው ከግንቡ ውጭ ቤት ሠርተው የቀሩ ሰው ናቸው። ሥራ የጀመርኩት ድሬ ጠያራ በምትገኝ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ሁለት ዓመት ፊደል ሳስዘምር ቆየሁ። ከዚያ ከተማው ውስጥ ወዳለው የመምህራን ማሠልጠኛ ተዛወርኩ። የማሠልጠኛውን ስም አልጠራም፤ ከኃላፊዎቹ አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ። እዚያ የእንግሊዝኛ ድምፆችን ለሚያስተምሩት ለሚስተር ማታይ ረዳት ሆኜ ተመደብኩ።

ሚስተር ማታይ ከህንድ ደቡብ የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ከረባታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ነው። ሲጋራ አያጨሱም፤ ኪሳቸው ውስጥ ግን የሲጋራ ወረቀት አይጠፋም። ወረቀቱን ከተማሪው ከንፈር ፊት ያንጠለጥሉና የእንግሊዝኛውን «ፒ» በል ይሉታል። ወረቀቱ ከተርገበገበ እሰየው፤ ዝም ካለ «እንደገና!»። የእኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች «ፒ» ወደ «ጰ» ይዞርና ወረቀቱ አይነቃነቅም፤ ከግንቡ ውስጥ ከጁገል የመጡት ልጆች ደግሞ «ቢ» አድርገውት ይገኛሉ። አንዱ በሌላው ይስቃል። በማግስቱ ስለ አናባቢ ርዝመት ስንማር ነገሩ ይገለበጣል። ኦሮምኛና ሐረሪ የሚናገሩት ልጆች አጭሩን «ኢ» እና ረጅሙን «ኢ» ያለ አንዳች ችግር ሲለዩ የእኛዎቹ ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል፤ ሳቁም ይዞራል። ሚስተር ማታይ ግን በማንም ስቀው አያውቁም። አንድ ቀን እኔን «ጠጠር» በል ብለው ጉሮሮዬን በጣታቸው ይዘው ደጋግመው አስባሉኝ። የእኛ «ጠ» ከሳንባ አየር ሳይጠብቅ የሚፈነዳ መሆኑን ሲያረጋግጡ ደስታቸው ለከት አጣ፤ ሳምንቱን ሙሉ ባገኙኝ ቁጥር «ጠጠር!» እያሉ ነበር ሰላም የሚሉኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። ተማሪ ድምፅ ሊያወጣ ሲነሳ ጀርባቸውን ይሰጡታል። ወደ መስኮቱ ዞረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይሰማሉ። መጀመሪያ ላይ ደሜ ፈላ። በእኛ ቤት ለሰው ጀርባ መስጠት ከንቀት ይቆጠራል፤ እናቴ ከእንግዳ ፊት ስትወጣ እንኳ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ነው። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋቸው።

«ፊቱን ካየሁ ፊቱ ያታልለኛል» አሉኝ። «ትክክል የሚመስል አፍ የተሳሳተ ድምፅ ያወጣል። ድምፅ የጆሮ ነው፤ ዓይን እዚህ ሥራ የለውም።»

እውነታቸውን ነበር። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ምላስህ ጥርስህን አልነካም፤ ከፍ ብሎ ድዱን ነው የነካው» ይላሉ። ልጁ ሲፈትሽ እንዳሉት ሆኖ ይገኛል። ይህን ለመቻል ብዙ ለፋሁ። ቤቴ ግድግዳ እያየሁ ባለቤቴን ቃል አስብላት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን «ሥራ የለህም?» ብላ ትታኝ ሄደች። ቀስ በቀስ ግን ጆሮዬ ተከፈተ። ምላስ የቆመበትን ቦታ መስማት ጀመርኩ።

ሚስተር ማታይ ያላወቁት አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ግን አይቻለሁ። እሳቸው ሲዞሩ የጁገል ሴቶች ልጆች ሻሻቸውን ከአፋቸው ያወርዳሉ። አፋቸውን እስከ ጥግ ይከፍታሉ። ማንም አያያቸውማ! በዚያ ማሠልጠኛ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ቶሎ የሚገባቸው በዚህ ነበር። የሳቸው ኮንትራት አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ክፍሉን እኔ ተረከብኩ፤ ጀርባ መስጠቱንም እንደያዝኩ ቀጠልኩ። ዳይሬክተራችን በበር ሲያልፉ እኔ መስኮት ላይ ተለጥፌ ክፍሉ ሁሉ «ኡ» እያለ ሲጮህ ያዩና፣ «ይሄ የቋንቋ ክፍል ነው የጥርስ ሐኪም ቤት?» ይሉኝ ነበር። ስለ ዕድገት ማመልከቻዬ ባነሳሁባቸው ቁጥር የሚመልሱልኝም ይህንኑ ቀልድ ነው።

ፈትያ የመጣችው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አባቷ አው ዘከሪያ ይባላሉ፤ በጁገል «አው» የሚባለው የተከበረ ሽማግሌ ነው። ሥራቸው ቁርኣን መጠረዝ ነበር፤ ቆዳ አልፍተው፣ በማኅተም አስጊጠው የሚሠሩት ጥራዝ በከተማው የታወቀ ነው። ልጃቸውን ያስገቡልኝ በራሳቸው እጅ ነው፤ ቃላቸውንም በዳይሬክተሩና በእኔ ፊት ሰጡ። «ምስክር ወረቀቷን በአንድ ፈተና ካመጣች መንግሥት በግንቡ ውስጥ የከፈተውን የሴቶች ክፍል ታስተምር። ካላመጣች ቤቷ ትግባ። ሁለተኛ ደጅ አትጠናም» አሉ። ፈትያ ከአጠገባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

እንደ እሷ ያለ ተማሪ ቀድሞም አላየሁ፣ በኋላም አላጋጠመኝ። ቁርኣን ስትቀራ ያደገች ናት፤ በቁርኣን ትምህርት እያንዳንዱ ፊደል የሚወጣበት ቦታ አለው፣ ቦታውን የሳተ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። እንግሊዝኛ የሚማር አበሻን ሁሉ የሚያስቸግረውን፣ በፊደላችን የማይጻፈውን ድምፅ፣ ምላስ በላይና በታች ጥርስ መካከል ብቅ ብሎ አየር የሚያሾልክበትን፣ እሷ ከዓረብኛዎቹ ፊደላት ከ«ሣ» እና ከ«ዛል» ይዛው ነበር የመጣችው። እኔ ስዞር ድምፁ ክፍሉን ይሞላው ነበር። ጓደኞቿን እረፍት ላይ ሰብስባ ታስጠናለች። አስተማሪ ሆና የተፈጠረች ናት ብዬ ለባለቤቴ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ።

የፈተናው ጊዜ ደረሰና ፈታኝ ከአዲስ አበባ መጣ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሲናገር ቃል የሚመርጥ፣ ሰላምታ ሲሰጥ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። ራሱ ያን ድምፅ በ«ዘ» ለውጦ «ዚስ» እና «ዛት» ነው የሚለው፤ እሱስ ግድ የለም። በእጁ ግን ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ ወረቀት ይዟል። በዚያ ወረቀት ላይ ለዚያ ድምፅ የተሰጠው መስፈርት «የተፈታኙ ምላስ በጥርሶቹ መካከል ይታያል» ይላል። ይሰማል አይልም፤ ይታያል ነው የሚለው። በዚህ የወደቀ የቃል ፈተናውን ይወድቃል፤ የቃል ፈተና የወደቀ ደግሞ ምስክር ወረቀት የለውም።

ፈትያ ገባች። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ያ ድምፅ ያለበትን ቃል አለችው። ጥርት ብሎ ወጣ።

«ድምፁን ሰማሁ፤ ምላስሽን አሳዪ» አላት።

ደገመችው። ሻሿ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«አላየሁም።»

«ጌታዬ፣ ድምፁ ከወጣ ምላሱ ቦታው ላይ ነው። በሌላ መንገድ አይወጣም» አልኩ ከተቀመጥኩበት ጥግ።

«እርስዎ ተፈታኝ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ።»

ዝም አላልኩም። ወደ ኮሪደሩ እንዲወጣልኝ ለምኜ አስረዳሁት። በዚህ አገር አንዲት ልጅ በአባቷ ዕድሜ ላለ ሰው ምላሷን አታወጣም፣ ስድብ ነው፣ እኔም ሳስተምራቸው ጀርባዬን ሰጥቼ ነው አልኩት። «ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ወደ መስኮቱ ይዙሩላት። ሻሿን ታወርዳለች፤ እኔ ቆሜ እመሰክራለሁ።»

ፈታኙ ደነገጠ፤ ከልቡ ነው የደነገጠው። «ሰው ፊት ጀርባዬን ላዞር? ለዚያውም ለሴት ልጅ? እኔ እንዲህ ያለ አስተዳደግ የለኝም» አለኝ።

ምን ይባላል? እሷን አስተዳደጓ አፏን አስዘግቷታል፤ እሱን አስተዳደጉ እንዳይዞር ይዞታል። ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጥጠው ቁጭ አሉ፤ እኔ በመካከላቸው እርር ድብን አልኩ። ያደግሁት ከሁለቱም ወገን ጋር ስለሆነ ሁለቱም ገብተውኛል። ከሁለቱ አንዳቸው ጥቂት ባለጌ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ፈትያ ወደቀች። ከክፍሉ ስትወጣ አላለቀሰችም፤ «አባቴን እርስዎ ይንገሩልኝ» ብቻ ነው ያለችኝ።

በማግስቱ ጁገል ገባሁ። አው ዘከሪያ ጥራዝ መጭመቂያው ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ሰላምታችንን ተለዋውጠን ወደቀች ስላቸው ከመጭመቂያው ቀና አላሉም።

«አንደበቷ ጎድሎ ነው?»

«አይደለም። ከሁሉም ትበልጣለች።»

«ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?»

አስረዳኋቸው። ስጨርስ እጃቸውን ከመጭመቂያው ላይ አነሱ። «ምላሷን ለማየት ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው? ላ ኢላሃ ኢለላህ! እኔ አባቷ አይቼው አላውቅም» አሉ። አንድ ዕድል ብቻ ይስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ቃሌ ቃል ነው፣ ሁለተኛ ደጅ አትጠናም ብያለሁ አሉኝ። ተመላለስኩ። ሰው ላክሁባቸው። አቤቱታ ጽፌ ወደ አዲስ አበባ ሰደድኩ፤ መስፈርቱ እንደተጠበቀ ነው የሚል መልስ መጣ። ፈትያ ያን ዓመት ቤት ዋለች፤ የአጎቷ ሚስት ለጋብቻ ሰው እያፈላለጉ ነው ሲባል ሰማሁ። የሚቀጥለው ፈተና ሊደርስ ሲል አው ዘከሪያ በመጨረሻ አስጠሩኝ። «ትገባለች። እኔ ግን በሩ ሥር እቀመጣለሁ፤ ሰውየው የሚያደርገውን በዓይኔ አያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ» አሉ።

ፈታኙ ያው ሰውዬ ነው፤ ወረቀቱም ያው። አው ዘከሪያ ጥምጥማቸውን አስተካክለው በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ መጥተዋል፤ እኔም ጥጌን ይዣለሁ። ፈትያ ቃሉን አለች፤ ሰውየው ምላስሽን አሳዪ አላት። ያኔ ፈትያ ጠመኔ አነሳችና በሰሌዳው ላይ ለሁለት የተከፈለ ጭንቅላት ሣለች። ጥርሶቹን አደረገች፤ ምላሱን በመካከላቸው አወጣች፤ አየሩን በቀስት አመለከተች። «ጌታዬ፣ ምላሱ እዚህ ነው» አለች።

«ይሄ የጠመኔ ምላስ ነው። እኔ የጠየቅኩት ያንቺን ነው።»

«እኔ አስተማሪ ለመሆን ነው የምፈተነው» አለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። «የአስተማሪ ሥራ የተማሪውን ምላስ ቦታው ማድረስ ነው። እባክዎ እርስዎ ይበሉት።»

ሰውየው ፈገግ አለ። ሲያያት ቆየና፣ ለቀልድ ያህል ይመስለኛል፣ «ዚስ» አለ።

«ምላስዎ ከጥርስዎ ኋላ ቀርቷል። ትንሽ ወደ ፊት ያድርጉት።»

«ዚስ።»

«ወጥቷል ግን ነክሰውታል። አይንከሱት፤ አየሩን ይልቀቁት።»

እኛ የምናየውን ማመን አቃተን። ያ ጨዋ ሰው፣ ከነሙሉ ልብሱ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ምላሱን በጥርሱ መካከል አውጥቶ ሲያሾልክ ዋለ። እሷ ቀና ብላ አላየችውም፤ መሬቱን እያየች በጆሮዋ ብቻ ታርመዋለች። ድንገት ድምፁ ወጣ፤ ልክ እንደሚገባው። ሰውየው ራሱን ሰማና ክው አለ። ደገመው፤ ወጣ። «ይገርማል! ለካ እንዲህ ኖሯል!» ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ፣ ሌሎች ቃላትም ሞከረ፤ ሁሉም ወጡለት። አለቀ፣ ተገላገልን አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ብዕሩን አነሳ። «ጎበዝ አስተማሪ ነሽ፤ በእውነት ነው የምልሽ። ወረቀቱ የሚጠይቀው ግን የተፈታኙን ምላስ ነው» ብሎ «አልታየም» ብሎ ጻፈ።

ጮህኩ። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። «አሁን ማን አስተማረዎት? ያ ድምፅ ከየት መጣልዎት?» ማለቴን አውቃለሁ። ዳይሬክተሩ እጅጌዬን ይጎትታሉ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «መስፈርቱን እኔ አላወጣሁትም» ይላል። ይህን ቃል በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ሁልጊዜ የሚናገረው ብዕሩን የያዘው ሰው ነው።

አው ዘከሪያ ተነሱ። «ሙዓሊም፣ አትጩህ» አሉኝ፤ ከዚያ ወደ ፈታኙ ዞሩ። «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ሲገቡ ይህን አሁን ያሉትን ነገር ያውቁት ነበር?»

«በትክክል አላውቀውም ነበር» አለ።

«አሁንስ?»

«አሁን አወቅኩት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እኔ ወረቀት የጠየቅኩት ማስተማር መቻሏን የማውቅበት ሌላ መንገድ የለኝም ብዬ ነው። ልጄ፣ ነይ እንሂድ።»

በመንግሥት የሴቶች ክፍል ላይ ሌላ ሰው ተመደበ። የተመደበው ሰው አናባቢና ተነባቢ ለይቶ አያውቅም፤ ምላሱ ግን ታይቶለታል። ይህን ያህል ዓመት አልፎ እንኳ ሳስበው ያንገበግበኛል። ሆኖም ብዙም ሳይቆይ አው ዘከሪያ ቆዳቸውንና መጭመቂያቸውን ወደ ጓዳ አስገብተው የፊተኛውን ክፍል አስለቀቁ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ የሰፈሩ ሴቶች ልጆች መምጣት ጀመሩ። ራቅ ካለው ከአቦከር ሰፈር ድረስ የሚመጡም ነበሩ። ወሬው ሲደርሰኝ ትልቋን ልጄን አሰናዳኋት። የመንግሥት የእንግሊዝኛ አሠልጣኝ ልጁን ምስክር ወረቀት ለሌላት አስተማሪ ይሰጣል ብለው ዳይሬክተሩ ሊስቁብኝ ይችላሉ፤ ይሳቁ። ልጄ ያን ድምፅ እንድታወጣልኝ ቤት ውስጥ ያላደረግኩት ነገር አልነበረም። ሥዕል አሳይቻለሁ፣ መስታወት ገዝቻለሁ፣ ለምኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፤ ዝም ብላ ከማቀርቀር በቀር ምንም አላገኘሁባትም። ይህች ልጅ ለቋንቋ አልተፈጠረችም ብዬ ተስፋ ወደ መቁረጡ ተቃርቤ ነበር።

ፈትያ በሩ ላይ ተቀበለችን። ልጄን እጇን ይዛ ከሌሎቹ መካከል አስቀመጠቻት። እኔም ጫማዬን አውልቄ ለመግባት፣ ከኋላ ተቀምጬም ለመስማት ተሰናዳሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ውጭ ይቆዩልን» አለችኝ በትሕትና። «አባቷ እያዩዋት አፏን አትከፍትም።»

ልከራከር ነበር። ልጄን አየኋት፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና መሬት መሬት ታያለች። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ፤ በሩንም እኔው ዘጋሁት።